ነጯ ቮልስ እና የጫንንባት ወሬ

ባለፈው ሳምንት አመሻሹ ላይ ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ካራ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ከፊታችን አንድ ኢሱዙ አጥር ገጭቶ ተጋድሟል። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ጨዋታው ግን ተጀመረ። አደጋ ያየ ታክሲ መቼም ዝም አይልም።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «አበበ ቢቂላንም የበላው ይኸው መንገድ ነው» አሉ።

ረዳቱ ዞር አለ። «አባባ፣ እሱ መሀል ከተማ ተማሪ ሲረብሽ አይደል እንዴ የሞተው?»

አጠገቤ ያለችው ልጅ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች «ሰክሮ ነበር ይላል እዚህ» አለች።

አባት ተቆጡ። «እናንተ ልጆች! ጃንሆይ መኪና ሲሸልሙት የቀናበት ሰው ነው ያስነካበት!»

በአምስት ደቂቃ ውስጥ አበበ ሦስት ጊዜ ሞተ። ሦስቱም ጊዜ የሞተው መኪናው ውስጥ ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የምጣላው ከዚህኛው ጋር ነው። አበበ በአደጋው ቀን አልሞተም።

ነገሩ የሆነው መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ቅዳሜ ሌሊት ነው። ቦታው ሸኖ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ሸኖ ሲባል ትዝ የሚለን ለጋ ቅቤ ነው። መኪናዋ ከቶኪዮ ድል በኋላ ያገኛት ነጭ ቮልስ ነበረች። ተገለበጠች። እሱም ውስጧ ተቀርቅሮ ቀረ። ያወጡት በማግስቱ ጠዋት ነው።

የተማሪዎቹ ወሬ በእንግሊዝኛም ሳይቀር ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። ሰልፈኞችን ላለመግጨት መሪ ሲጠመዝዝ ቦይ ውስጥ ገባ ይላል። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በ1961 ዓ.ም. ተማሪው በእርግጥም ተነሥቶ ነበር። ግን ቅዳሜ ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ሸኖ ሜዳ ላይ የትኛው ተማሪ ነው ሰልፍ የወጣው? ወሬኛው ዓመተ ምሕረቱን ያዘና ቦታውንና ሰዓቱን ጣለው።

የመጠጡ ነገርስ? የሕይወት ታሪኩን የጻፈ አንድ የውጭ ጋዜጠኛ «ጠጥቶ ሊሆን ይችላል» ብሏል። በእርግጠኝነት ለመናገር እንደሚያስቸግርም አልደበቀም። ወሬው «ሊሆን ይችላል» የምትለዋን መንገድ ላይ አንጠባጥቦ እኛ ዘንድ ደረሰ። የገዛ ልጁ በጻፈችው ታሪክ ግን የአበበ ቃል ሌላ ነው። ከፊት ለፊቱ በፍጥነት የሚመጣ መኪና ነበር፤ እሱን ላመልጥ ስል ነው ብሏል።

እኔ የእሱን ቃል አምናለሁ። ስለምወደው ብቻ አይደለም። ከሰንዳፋ ወዲያ በጨለማ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከፊትህ የሚመጣው ሾፌር ረጅም መብራቱን አይቀንስም። ሁለት ሴኮንድ ያህል ዓይንህ ይጠፋል። ያኔ ያለህ ምርጫ ወይ እሱ ነው ወይ ቦዩ ነው። ሕዝቡ ኢሱዙን «አልቃይዳ» ያለው ለቀልድ ብቻ አይመስለኝም።

የአባትዬው «አስነካበት» መልስ አያሻውም። ለምን እንደሚጣፍጥ ግን ይገባኛል። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባይሳተፍም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተጠይቋል። ቤተ መንግሥት፣ እስር፣ የሽልማት መኪና፤ ይህን ሁሉ ያገኘ ወሬኛ ተራ ግልበጣ እንዴት ይበቃዋል? ያው እግሩ ላይም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። እኛ ግን ጫማ መግዛት አቅቶት ነው ብለን እናስለቅስበታለን።

ይህ የኛ ጠባይ ብቻም አይደለም። ማራቶንን በ2:00:35 የሮጠው ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ሞተ። ካፕታጋት አቅራቢያ መኪናው ከመንገድ ወጥታ ዛፍ ገጨች። አሠልጣኙም አብሮት አለፈ። ገና 24 ዓመቱ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰንዳፋ ልምምድ የሚሠሩ ልጆች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። «የሰው እጅ አለበት» ነበር የሚሉት። ይህን የሚሉት ልጆች ራሳቸው ጎህ ሳይቀድ አስፋልት ዳር ከጭነት መኪና ጋር ተጋፍተው የሚሮጡ ናቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። «ማን ገለበጠው?» የሚለው ጥያቄ ሌሊቱን ዋጠው። የሁለት ኦሎምፒክ አሸናፊ፣ በዓለም የታወቀ ሰው፣ አንገቱ ተጎድቶ እስኪነጋ በብርድ ውስጥ ተጋድሟል። ስለዚያ ሌሊት ማን ያወራል?

ከዚያ በኋላ ስላሉት አራት ዓመት ከሰባት ወራትስ? በሳምንቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። ስምንት ወር ቆየ። ሲሄድ እጁንም እግሩንም ማዘዝ አይችልም ነበር። እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄደ። የተጠራው በእንግድነት ነበር። እሱ ግን 25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ የጋሪ ውድድር ገብቶ አሸነፈ! ሸዋ፣ ጃቶ መንደር የተወለደ ሰው፣ በኖርዌይ በረዶ! ይህን የሚያህል ታሪክ እያለን በቡዳ እንከራከራለን።

የሞተው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ፣ በ41 ዓመቱ። ሰበቡም ያው አደጋ ነበር። መቃብሩ ቅዱስ ዮሴፍ ነው።

መንገዱ እስኪከፈት ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ትንሽ ዝም አለች።

«ጠዋት ያወጡት ግን እነማን ናቸው?» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት አባትዬው ከኋላ ቀደሙኝ። «የሸኖ ገበሬ ነዋ! በዚያ ሰዓት ሌላ ማን ይነሣል?»

ይኸው አራተኛው ወሬ ተወለደ። ይቺኛዋን ግን ወደድኳት።