ገለባ አለኝ በስላይድ

ምስጋና የሚገባቸው ሰዎች ምስጋና ሲነፈጋቸው ማየት አልወድም። ስለ ስንዴ ገለባ ሊመክሩ ወደ አዳማ የሚወርዱ ወገኖቻችንን ማለቴ ነው። እስካሁን አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላላቸውም። እኔ ልበላ።

መጀመሪያ ቦታ መምረጥ ያውቁበታል። ስንዴው ያለው አርሲ ነው። ዴራን፣ ኢተያን፣ ኩሉምሳን አልፎ አሰላ ለመድረስ ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን እዚያ ድረስ ምን ያንከራትታል? ገለባ ማሳ ላይ ሲያዩት ያው ገለባ ነው። ይዋጋል፣ ያሳክካል፣ ካልሲ ውስጥ ይገባል። አዳማ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር ሲያዩት ግን መስመር ይሆናል። ሰማያዊ፣ ለስላሳ፣ ሽቅብ የሚወጣ መስመር። አዳማ ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው ልክ ነች። ለውሎ አበል ትርቃለች፣ ለቅዳሜ ትቀርባለች።

መስመሩ ከእ.ኤ.አ. 1961 ይጀምራል። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መዝገብ እስከ 1992 ያለው የኢትዮጵያ የስንዴ ምርት ቁጥር ኤርትራን ይጨምራል፣ ከ1993 ወዲህ ያለው አይጨምርም። ስላይዱ ላይ ግን ሁለቱ ተቀጥለዋል። አገር ለሁለት ሲሆን መስመሩ ቅር እንኳ አላለውም። እንዲህ ያለ ጽናት ሰው ላይ አይገኝም።

ከኋላ ወንበር ሁሌ አንድ ነገረኛ አይጠፋም። «ለመሆኑ ገለባውን ማን መዘነው?» ይላል። መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን» ይለዋል። አይመለሱበትም። ደግሞም ልክ ናቸው። ማንም አልመዘነውም፣ ጥበቡ እዚያ ላይ ነው።

እንዴት መሰላችሁ። የፍሬውን ምርት በሄክታር ትወስዳላችሁ። እርጥበቱን ቀንሳችሁ በቶን ታስቀምጣላችሁ። በ1.51 ታባዛላችሁ። 0.52 ትደምራላችሁ። አለቀ፣ ገለባው ወጣ! በሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ያገኘ ሰው በዚህ ስሌት ወደ 45 ኩንታል ደረቅ ገለባ አለው። መንሽ የለ፣ አውድማ የለ፣ ሚዛን የለ። ቀመሩ የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ውስጥ ያለ ነው። የራሱን ልኬት ያልያዘ አገር ለጊዜው መነሻ ያድርገው ተብሎ የተቀመጠ። የኛዎቹ መነሻውን መድረሻ አድርገው መንገዱን አሳጠሩልን። ይኸው ነው እንግዲህ «የረጅም ጊዜ አዝማሚያ» የሚባለው። የፍሬው መስመር ሌላ ልብስ ለብሶ ሁለተኛ ጊዜ ይመጣል። ፍሬው ሲጨምር ገለባው ይጨምራል፣ ጭብጨባውም ይጨምራል።

ቀመሩ ጨዋ ነው፣ ስለ ቁመት አይጠይቅም። የድሮው ስንዴ ረጅም ነበር። የስንዴ ተመራማሪው ኖርማን ቦርሎግ ሜክሲኮ ውስጥ ያዳበራቸውና እ.ኤ.አ. በ1970 የሰላም ኖቤል ያሸለሙት አጫጭር ዝርያዎች ከመጡ በኋላ ተክሉ ጉልበቱን ከአገዳ ወደ ፍሬ አዞረ። ለአንድ ኩንታል ፍሬ የሚወጣው ገለባ ቀነሰ ማለት ነው። አርሲ ላይ የኖረ ገበሬ ይህን ከበሬው ፊት ያነበዋል። ኮምባይነር መጣ ደግሞ፣ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፣ የወቃውን ከኋላው ይበትናል። ግማሹ ቆሞ ይቀራል፣ ግማሹ ነፋስ ይጫወትበታል። ስላይዱ ላይ ግን አንዲት ዘለላ አልጠፋችም። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ፕሮጀክተር ቢያገኝ ኖሮ ወተቷንም ያሳየን ነበር።

ስልጠናውንም ላመስግን። ገለባ በዩሪያ ማከም! 100 ኪሎ ገለባ፣ 4 ኪሎ ዩሪያ፣ ውሃ፣ ከዚያ አፍኖ ሦስት ሳምንት። እውነት ለመናገር ይሠራል፣ ከብቱ የተሻለ ይፈጨዋል። እኔ እስከማስታውሰው በየስብሰባው «አዲስ ቴክኖሎጂ» እየተባለ ይቀርባል። ይህን ያህል ዘመን አዲስ ሆኖ መቆየት ራሱ ሙያ ነው። ገበሬው ዩሪያ በመከራ ሲያገኝ ለጤፉ ነው የሚበትነው እንጂ ለገለባ አያጠጣውም። ይህ ግን «የግንዛቤ ክፍተት» ተብሎ ተመዝግቧል።

ማቃጠልን በተመለከተም ጥሩ የቡድን ውይይት ይደረጋል። በዚያው መመሪያ ሂሳብ ደረቅ የስንዴ ገለባ 0.6 ከመቶ ናይትሮጅን አለው። 45 ኩንታሉ ውስጥ 27 ኪሎ መሆኑ ነው። ዩሪያ 46 ከመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ሄክታሩን በክብሪት የለቀቀ ሰው ከአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት የሚበልጥ ዩሪያ ያህል አነደደ፣ ናይትሮጅኑም አብዛኛው ጭስ ሆኖ ሄደ። (ገለባው አፈር ውስጥ ቢቀበር ወዲያው ማዳበሪያ ይሆናል ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ከአፈሩ ናይትሮጅን ይበደራል።) ይህን ሁሉ አንድ ልጅ በትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር «ማቃጠል ይቁም!» ብሎ ያጠቃልለዋል። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ማታ ጽዳቶች ያነሱታል።

ጽዳት ካልኩ አይቀር፣ አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአሰላ የመጣ አይሱዙ ከነጭነቱ በሆቴሉ በር አለፈ። ገለባው ከጋቢናው በላይ ተቆልሏል፣ ገመዱ ይንጣጣል፣ ሁለት ጎረምሶች አናቱ ላይ ተጋድመዋል። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አንድ እፍኝ ገለባ ቦጨቀና የእንግዳ መቀበያው ደረጃ ላይ በተነው። ያንዲት የፈረስ ጋሪ ፈረስ አንገቱን ሰግጎ ድርሻውን አነሳ። የቀረውን የሆቴሉ ልጅ መጥረጊያ ይዛ መጣችና «እንግዶች ሊገቡ ነው» እያለች ጠራርጋ አወጣችው። ለምክክሩ በአካል የመጣው ገለባ ያ ብቻ ነበር። ሳይመዘገብ ተባረረ።

በመጨረሻው ቀን የአቋም መግለጫ ይነበባል። ያ የኋላ ወንበር ሰውዬ ተስፋ አይቆርጥም፣ ገለባው በናሙና ይመዘን የሚል አንድ ነጥብ አስገብቶ ነበር። ለሚዛን መግዣ የተያዘ በጀት የለም ተባለ። ስለ ሚዛን አስፈላጊነት ለመምከር ግን አለ። የሚቀጥለው ሐዋሳ ነው አሉ፣ ዓሣውም ጥሩ ነው።