ባለ ባርኔጣው ሰውዬ

በርሊን፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት። መንገዱ ላይ መኪና የለም። ብስክሌት የለም። ድመት እንኳ የለችም። እኔና የአክስቴ ልጅ ግን ቆመናል። ማዶ የእግረኛ መብራቱ ላይ ያለው ቀይ ሰውዬ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ አግዶናል።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ባዶ አስፋልት አይቶ መቆም አልለመደብኝም። አንድ እግሬን ከማንሳቴ የጃኬቴን ኮሌታ ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተችኝ።

«ምን ሆነሃል? ልጅ ቢያይህስ?»

«የምን ልጅ? በዚህ ሌሊት?»

«በመስኮት ያይ ይሆናል።»

ቀና ብዬ መስኮቶቹን አየሁ። ሁሉም ጨልመዋል። ጀርመን አገር አንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ለልጆች አርአያ ሁኑ፣ በአረንጓዴ ብቻ ተሻገሩ የሚል ጽሑፍ አለ። እሷ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስታነበው ኖራ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። በቀይ የተሻገረ እግረኛ ቅጣቱ 5 ዩሮ ነው። የሚያስፈራት ግን 5 ዩሮው አይደለም፤ ያ የማታውቀው ልጅ ነው።

መቆሙ ካልቀረ ብዬ ሰውዬውን ማየት ጀመርኩ። አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ በዚያ ላይ ባርኔጣ አድርጓል። አረንጓዴው ሲበራ ደግሞ በጎን ዞሮ፣ ደሞዝ ገባ የተባለ ሠራተኛ ይመስል እርምጃውን ሰፋ አድርጎ ይሄዳል።

አምፔልማን ይሉታል። ትውልዱ ምስራቅ ጀርመን ነው። ካርል ፔግላው የሚባሉ የትራፊክ ሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረቡት፣ ያውም የበርሊን ግንብ መሠራት በጀመረ በሁለተኛው ወር። አስቡት፤ አገሩ በሙሉ እንዳይሻገር ግንብ እየተገተረበት፣ አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብለው ሕዝቡ አስፋልት እንዴት በሰላም ይሻገር ብለው ይጨነቃሉ። ባርኔጣዋ ትንሽ አስፈርታቸው ነበር አሉ፣ የንዑስ ከበርቴ ናት ተብላ እንዳትጣልባቸው። ንዑስ ከበርቴ የምትለዋን ቃል የደርግ ዘመን ሰዎች አትረሷትም። ግን አለፈች። የውፍረቱም ምክንያት አለው፤ ሰውዬው በወፈረ ቁጥር ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታ ይሰፋል፣ ዓይኑ የደከመውም ሕፃኑም ከሩቅ ይለየዋል። ቦርጭ ለደኅንነት ነው ማለት ነው። ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር፤ አልተቀበለችኝም።

በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሃዱ የምስራቁ ገንዘብም ተለወጠ፣ ብዙ ፋብሪካም ተዘጋ። ቀስ እያሉ ሰውዬውንም መንቀል ጀመሩ። ይሄኔ ነው ሰው የተነሳው። ገዢው ፓርቲ ሲፈርስ እፎይ ያለ ሕዝብ ለመብራት ሰውዬ አድን ኮሚቴ አቋቋመ። ማርኩስ ሄክሃውዘን የሚባል ከምዕራብ የመጣ ዲዛይነር ደግሞ የተነቀሉትን ሰብስቦ የቤት መብራት አደረጋቸው። ሰውዬው ተረፈ። ከ2005 ጀምሮ ጭራሽ ምዕራብ በርሊንም ገባ። አሁን ቲሸርት፣ ኩባያ፣ ከረሜላ ሳይቀር ይሸጥበታል። በሶሻሊዝም ተወልዶ በስተርጅና ነጋዴ ሆነ።

የማርክስ የትውልድ ከተማ ትሪር ደግሞ በ2018፣ የልደቱ 200ኛ ዓመት ሲከበር፣ ጢማሙን ማርክስን ራሱን መብራት ላይ አወጣችው። ቀይም ይበራል፣ አረንጓዴም። አምስት ኪሎ ትዝ አለኝ። ምስራቅ ጀርመኖች ባለ ባርኔጣውን ለራሳቸው አስቀርተው ለእኛ የላኩልን የማርክስ ሐውልት እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የትሪሩ በቀን ስንቱን ያሻግራል። የእኛው ያሻግራችኋል ተብሎ መጥቶ አንድም ሰው ሳያሻግር ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

እስቲ የራሳችንን ሰውዬ እንሥራ ብንልስ? ኮሚቴ እኛም አያቅተንም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የሦስት ቀን ወርክሾፕ፣ ከነአበሉ። የመጀመሪያው ቀን በትውውቅና በሻይ ያልቃል። በሁለተኛው ቀን አንዱ ተነስቶ ጋቢ ይልበስ ይላል። ጋቢ የደጋ ነው፣ የቆላው ወገናችን ምን በደለ፣ ሽርጥ ይሁን ይላል ሌላው። ዱላ ይያዝ ሲባል ዱላ የያዘ እግረኛ ገጽታችንን ያበላሻል ይባላል፤ ዱላው ወጥቶ ጃንጥላ ይገባል፤ ጃንጥላውም የምንሻገረው ክረምት ክረምት ብቻ ነው ወይ ተብሎ ይወድቃል። ሴት ትሁን የሚል ሐሳብ ይመጣና ሹሩባዋ የየት አገር ይሁን ሲባል ምሳ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ሾፌሮቹ ሞተር አስነስተው እየጠበቁ፣ ስምምነት ይደረሳል፤ ምንም አይልበስ። ያለ ልብስ፣ ያለ ጾታ፣ ያለ አገር። ይኸውም አሁን መንገድ ላይ ያለው ሰውዬ ነው።

ከበርሊን በመጣሁ በሳምንቱ አምስት ኪሎ፣ ከማርክስ ብዙም ሳልርቅ፣ ዜብራ ጫፍ ላይ ቆምኩ። መብራቱ አይሠራም። ሚኒባሱ ይበራል። በርሊን መኪና መብራቱን ብልጭ ካደረገልህ እለፍ ማለቱ ነው፤ እዚህ መጣሁልህ ማለቱ ነው። የአክስቴ ልጅ ተጋብታብኝ ነው መሰል፣ እንደ ሐውልቱ ተገትሬ ቀረሁ።

አንድ እናት አጠገቤ መጡ። አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ ናቸው። አዲስ የገዙትን ሰፌድ ለፀሐይ ብለው ራሳቸው ላይ ደፍተውታል። ግራ አላዩ፣ ቀኝ አላዩ፤ አስፋልቱ መሐል ገቡና ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ። ሚኒባሱ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ከኋላው የነበረው ሲኖትራክም ቆመ። ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ።

«እማማ፣ መንገዱን ገዙት እንዴ?»

እሳቸው ዞር ብለውም አላዩት። ዞረው ያዩት እኔን ነው።

«አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? ና ተሻገር እንጂ፣ እጄ ዛለ!»