ወገብ ማሸት ሲባል የት ነው?

ስለ ምጥ ሕመም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ምጥ ሲመጣ ወገብ ማሸት ያቀላል» ብሎ ብቻ አልፎታል። ትክክል ነው፤ ግን ቦታውንና ጊዜውን ያላወቀ ሰው ትርፉ ድካም ነው። ቦታው ከመቀመጫ ስንጥቅ ከፍ ብሎ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ነው። ምጡ ሲጀምር የመዳፍን ግርጌ እዚያ ላይ አሳርፎ ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ ፋታ ሲሰጥ መልቀቅ። ላይ ላዩን መፈተግ ቆዳ ይልጣል እንጂ አይረዳም። ሕፃኑ ጀርባውን ወደ እናቱ ጀርባ ካዞረ ሕመሙ ወገብ ላይ ይበረታል፤ ያኔ ምጥ የያዛት ሴት በእጅና በጉልበቷ ተንበርክካ አስታማሚዋ ብትጫንላት ይሻላል።

ሙቅ ፎጣም ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን አስታማሚዋ በራሷ ክንድ ትለካው፤ ምጥ የያዛት ሴት መቃጠሏን ላታስተውል ትችላለች። ሽንት ደግሞ በየ2 ሰዓቱ (ሁልጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው!)፤ የሞላ ፊኛ ሕመም ይጨምራል፣ የሕፃኑንም መውረድ ያዘገያል። ትንፋሽ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ገብቶ በአፍ ረዘም ብሎ ይውጣ። ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች ያዞራታል፣ ጣቷና ከንፈሯ ይደነዝዛል። የማሕፀን በር 10 ሴንቲ ሜትር ሳይከፈት «ግፊ! ግፊ!» ማለትም ጉልበቷን በከንቱ ይጨርሳል።

ከጅማ ዙሪያ ገጠር መጥታችሁ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ የምትሰነብቱ፣ አብራችሁ የምትገባዋ እናት ወይም እህት አጫጫኑን ከአዋላጇ ቀድማ ትማር። ሆድን ማሸትና መጫን ግን በፍጹም አይሞከር፤ ማሕፀን ሊቀደድ፣ እንግዴ ልጅ ያለጊዜው ሊላቀቅ ይችላል። በምጥ መሀል ፋታ የማይሰጥ ሕመም ወይም ደም ከታየ ማሸቱን ትቶ ወዲያው አዋላጅ መጥራት ነው።