ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ትሪ እንቁላል

የሰሞኑን የስልጠና ጥሪ ሳታዩት አልቀራችሁም፤ በየቴሌግራሙ ሲዞር ነው የከረመው። «የማኅበረሰብ አቀፍ ቱሪዝም ማኅበራት የእንግዳ አቀባበል ክህሎት ማጎልበቻ የአቅም ግንባታ ስልጠና።» አምስት ቀን፣ ሐይቅ ዳር፣ ባለ ኮከብ ሆቴል፣ ከሰኔ 15 እስከ 19። ሰልጣኞቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ በመንደራቸው ጎጆ ቱሪስት የሚያሳድሩ፣ ከየተራራው ጫፍ የሚወርዱ ገበሬዎች ናቸው።

እሰይ! መታሰብ እንዲህ ነው። ለመሆኑ ገበሬ በሰኔ ምን ሥራ አለው? ያርሳል፣ ይዘራል፤ እሱ ደግሞ በውሎ አበል ይካካሳል። ክፉዎች «ሰኔ 30 በጀት ሊዘጋ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ቢሆንስ? ገንዘቡ ሳይነካ ተመላሽ ከሚሆን ሰው ቢሰለጥንበት ማንን ጎዳ?

ይዘቱም ምስጋና ይገባዋል። የመጀመሪያው ቀን ርዕስ «ፈገግታና የሰውነት ቋንቋ» ነው። እንግዳ ሲመጣበት እግር አጥቦ፣ መደቡን ለቅቆ፣ ራሱ ምድር ላይ ቁርበት አንጥፎ የሚያድር ሕዝብ፣ ለእንግዳ ፈገግ ማለት እንደሚገባ በፓወር ፖይንት ይነገረዋል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው የተረቱት አባቶች ፕሮጀክተር አላዩማ! ሁለተኛው ቀን «ዘላቂ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ» ነው። ከሰልጣኞቹ መሀል የመንዝ ሰው ካለህ አደራ፣ ዝም በል። የጓሳ ተራራችሁን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በአባ ቄራ፣ ራሳችሁ በመረጣችሁት የሣር አለቃ፣ እየዘጋችሁና እየከፈታችሁ፣ ደንብ ያፈረሰውን እየቀጣችሁ እንደኖራችሁ ብትናገር አሰልጣኙን ታሳፍረዋለህ። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ሎግ ፍሬም፣ ያለ ፕሮጀክት ዕቅድ ሠንጠረዥ! ጉድ ነው።

ስልጠናውን ለጨረሰ ማኅበር «ስሞል ግራንት» ይሰጠዋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ደንቡ ግን ትንሽ አይደለም። ግዢ ሁሉ በሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ነጋዴ በተሰበሰበ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይሁን ይላል። ትልቅ ጥበብ ነው፣ በአንድ ትሪ እንቁላል እንየው።

የማኅበሩ አብሳይ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ሦስት ሻጮችን ዋጋ ትጠይቃለች። ይህ ውድድር ነው፤ ግን ማህተም የለውም። ስለዚህ ሴቶቹ ዋጋቸውን አርማ ባለው ወረቀት ጽፈው፣ ቲን ቁጥር አስፍረው፣ ማህተም መትተው፣ በፖስታ አሽገው እንዲያመጡ ይነገራቸዋል። ሦስቱም ይስቃሉ። ጸሐፊው ወደ ወረዳው ከተማ ይሳፈራል። እዚያ ሲሚንቶና ሚስማር የሚሸጥ አንድ ደግ ነጋዴ አለ፤ ለቸገረው ሁሉ ፕሮፎርማ ይጽፋል። የራሱን ይጽፋል፣ የወንድሙን ይጽፋል፣ የሦስተኛውን ማህተም ከመሳቢያ ያወጣል። እስክሪብቶው አንድ፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ፣ ተወዳዳሪው ሦስት። ግዢ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ የዋጋ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ይሠራል፣ 15 በመቶ ቫት ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። አሸናፊው እንቁላል የለውም። ከዚያችው ገበያ፣ ከዚያችው ሴትዮ ገዝቶ፣ ትርፉን ጭኖ ያቀርባል። እንቁላሉ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ወደ ድስት ሲሄድ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። አራቱ መንገድ ላይ ተሰብረዋል፤ ለእነሱ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሽታው ግን ምልዓተ ጉባኤ አያስሟላም። ይህ እንግዲህ ሁሉም ሲቀና ነው። ወረቀቱ ከሰብሳቢ ገንዘብ ያዥ ሲመላለስ ቢዘገይና ሻጯ መጠበቅ ሰልችቷት እንቁላሏን ዶሮ ብታስታቅፍ፣ በ21ኛው ቀን ዋጋ የተሰበሰበበት ዕቃ «ጭው ጭው» ይላል። አሁን ይህ አላቂ ዕቃ ነው ቋሚ ንብረት? ቋሚ ከሆነ የመለያ ቁጥሩ የት ይለጠፍ፣ ክንፉ ላይ ወይስ እግሩ ላይ? የእርጅና ተቀናሹ በስንት ዓመት ይሰላ? ጭልፊት ቢወስደው ርክክቡን ማን ይፈርም? ቆጠራ ሲመጣ አውራ ሆኖ ቢገኝስ፣ ከሰነዱ ጋር ልዩነት ታየበት አይባልም?

እንግዳው እስከዚያ ሽሮውን በልቶ ሄዷል።

ሆቴሉን ደግሞ ተመልከቱት። አዳራሽ፣ መኝታ፣ ምሳ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሻይ ዕረፍት፤ ሁሉም ከማሽን በወጣ ደረሰኝ። ኦዲተር አይቶት ፈገግ የሚልበት (ፈገግታ የት እንደሚያስፈልግ ገባችሁ?) ንጹሕ ወረቀት ነው። እንግዲህ ሒሳብ ሹም ሰው ነው፤ ከሚያስጨንቀው ገበያ ይልቅ የሚያሳርፈውን ሆቴል ይመርጣል። በዚህ መንገድ ለመንደር የተባለው ገንዘብ ደረሰኝ ወዳለበት ከተማ ይወርድና የማኅበረሰብ ቱሪዝም በሚገባ ይደገፋል። ማኅበረሰቡ ሆቴሉ ነው።

ጎጆዎቹም ከዚህ በረከት አልቀሩም። የጣራ ሣር የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ፣ ጠንክሮ ሲደርቅ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ግን ግንቦት ላይ ይለቀቃል። በግንቦት ሣር የለም፤ ቢኖርም ሣር አጫጅ ደረሰኝ የለውም። ቆርቆሮ ሻጭ አለው። ስለዚህ ጎጆው ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲመታው ባልና ሚስት እንኳን አይደማመጡበትም። ከአውሮፓ ድረስ የሣር ጎጆ ፍለጋ የመጣው ሰው ቆርቆሮ ሥር ተኝቶ «ኦተንቲክ» ይላል። ሁለተኛው ክፍያ የመጀመሪያው ሲወራረድ ነው የሚለቀቅ፤ የመጀመሪያው ደግሞ በእንቁላሉ ምክንያት አልተወራረደም።

ኧረ ይብቃ፤ ይህስ አያስቅም። ላሊበላ አጠገብ መቄት ገደሉ አፋፍ ላይ ገበሬዎች እንግዳ ማሳደር ከጀመሩ 20 ዓመት አልፏል። ኮቪድ መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ እንግዳው ጠፋ። እንዲህ ያለ ቦታ አንድ እንግዳ ሲገኝ ታሞ እንዳይመለስ ማድረግ ነው ዋናው ሥራ። 3 ሺህ ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ለመጠጥ የሚሆነው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፣ በእጅ አይጨለፍ፣ ሰላጣው በዚሁ ውሃ ይታጠብ። ይህን ማወቅ የሚገባት አብሳይዋ ናት። አሳይቶ ለማስረዳት ምድጃዋ አጠገብ አንድ ጠዋት ይበቃል። ስልጠናው ላይ ግን እሷ የለችም! የሄዱት ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ናቸው፤ ሦስቱም ወንዶች፣ ሦስቱም ሻይ እንኳን አፍልተው አያውቁም። በእሷ ስም የመጣን ገንዘብ በልቶ እሷን ምድጃዋ ጋ መርሳት ነውር ነው። እንግዳው ሲታመም ደግሞ ስሟ የሚነሳው የእሷ ነው።

ሌላም የማይነገር አለ። አልጋው 1 ሜትር ከ80 ሲሆን የሆላንዱ ሰውዬ እግር ውጭ ያድራል። ለደጋ ሌሊት አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም፤ ሁለት ሆኖ ትርፍ ይቀመጥ። መጸዳጃው ጉድጓድ አጠገብ የአመድ ባልዲና መጨለፊያ ይኑር፤ ይህ በብር የሚገዛ አይደለም፣ ምድጃው ውስጥ ሞልቷል። ፈረስ የሚያከራይ ማኅበር ወረፋውን መኪና ሳይመጣ በፊት ሰሌዳ ላይ ካልጻፈ፣ እንግዳው ከመኪና ሲወርድ አሥር ልጓም በአንዴ ይዘረጋበታል። ቀኑ የገባው ገንዘብ ማታውኑ ሁሉም ፊት ተቆጥሮ ደብተር ላይ ካልሰፈረ፣ ማኅበሩ የሚፈርሰው በእንግዳ ማጣት አይደለም፤ በሐሜት ነው።

ይሁን፤ እንዲህ ያለው ነገር ባነር ላይ አያምርም። በባነሩ ላይ የሚያምረው የሰባት ደጋፊ አርማ ነው፤ ታፔላውም ላይ ያው ነው፣ የጎጆውን ስም የጻፉት ከሥር፣ በትንሹ። የስልጠናው ሪፖርት ደግሞ «የሴቶች ተሳትፎ 30 በመቶ» ይላል፤ ሻይ ያቀረቡት ሳይቆጠሩ አልቀሩም።

ሰሞኑን የሚጠበቀው የሁለተኛው ዙር ርዕስ «የሒሳብ አወራረድ» ነው፤ ቦታው ያው ሆቴል። ማኅበራት ሆይ፣ እንዳታመልጣችሁ። ሰብሳቢውን ላኩ፣ ጸሐፊውን ላኩ፣ ገንዘብ ያዡንም ላኩ። አብሳይዋ ብቻ ትቅር፤ ማን ያውቃል፣ እንግዳ ቢመጣስ።