የሚበላሸው ጣውላ ሒሳብ ከማን ኪስ ይውጣ?

«ጥሩ አናጢ ጠፋ» የሚለው ሮሮ ዛሬ ቤት የሚያደራጅ ሰው ሁሉ አፍ ላይ አለ። አልጋው ሲንቋቋ፣ መሳቢያው ክረምት ሲገባ አብጦ አልከፈት ሲል፣ የቁም ሳጥኑ በር ዓመት ሳይሞላው ከማጠፊያው ሲላቀቅ ጥፋቱ የሚወድቀው በወጣቱ ላይ ነው። ትዕግሥት የለውም፣ ሙያ አያከብርም፣ ቶሎ ገንዘብ መቁጠር ይፈልጋል ይባላል። ይህን ወቀሳ አልቀበለውም። አናጢነት የሚለመደው እንጨት በማበላሸት ነው፤ ለዚህ ልጅ የሚያበላሸውን እንጨት የሚገዛለት ግን የለም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከደቀቀ እንጨት ታምቆ የሚሠራው የተለመደው ኤምዲኤፍ ሰሌዳ ወርዱ 1 ሜትር ከ22፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ44 ነው። ርዝመቱን ለአራት እኩል መደርደሪያ ክፈል የተባለ ተለማማጅ 244ን ለ4 ያካፍልና 61 ሴንቲ ሜትር እየለካ ይቆርጣል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሥራው ግን ተበላሽቷል። የመጋዙ ጥርስ በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚበላ፣ ሦስት ቁርጥ 9 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ አራተኛው መደርደሪያ ከወንድሞቹ 9 ሚሊ ሜትር አጥሮ ይወጣል። ዳር ላይ ሲገጠም ክፍተቱ ከሩቅ ይታያል። ይህን ስህተት አንዴ የሠራ ሰው ዕድሜ ልኩን አይደግመውም። ጥያቄው ያ የመጀመሪያው ኤምዲኤፍ የማን ንብረት ነበር የሚለው ነው።

በወፍራም እንጨት ሥራ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ለወንበር እግር የተዘጋጀ 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት አለ እንበል። ከአግዳሚው ጫፍ ምላስ ይወጣለታል፣ ከእግሩ ላይ ደግሞ ምላሱን የሚቀበል ጉድጓድ ይቦረቦራል። የቆየው የአናጢዎች ልማድ የምላሱ ውፍረት ከእንጨቱ ውፍረት ሲሶ ይሁን ይላል፤ 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚያወጣው መለኪያ፣ በስኳድራ ይሰመራል። ጉድጓዱ ማዶ ለማዶ የሚያልፍ ከሆነ መሮው ከአንዱ ወገን ብቻ አይመታም፤ እስከ መሀል ተቆፍሮ እንጨቱ ይገለበጣል፤ አለዚያ ማዶ ያለው ፊት ተሰንጥቆ ይነሳል። ምላሱ ከጠበበ ወንበሩ በኮላ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከወፈረ እግሩን ይሰነጥቀዋል። በእጅ ተገፍቶ ግማሽ ድረስ ገብቶ የቀረውን በመዶሻ ለስለስ ያለ ምት ሲጨርስ ልክ መጥቷል ይባላል። ያንን ልክ እጅ የሚያውቀው በሁለት በሦስት ሙከራ አይደለም። ብዙ የተሰነጠቀ እግር ከኋላው ይከመራል።

እንጨቱ ራሱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ይኮማተራል፤ በክረምት እርጥበት ስቦ መልሶ ያብጣል። መሳቢያ በሐምሌ የሚጣበቀው ለዚህ ነው። ዛሬ የተገጠመ እርጥብ ባሕር ዛፍ በበጋ ላልቶ ይወዛወዛል። ተለማማጁ ይህን ለማወቅ እንጨቱን ከግዥው ጀምሮ አብሮ ሊከታተለው ይገባል፤ ማን ያስከትለዋል?

በአብዛኞቹ የቤት ዕቃ ወርክሾፖቻችን ተለማማጅ የሚጀምረው ከመጥረግና ከመሸከም ነው። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት ይሰጠውና ያለሰልሳል፤ ኮላ ይቀባል፤ ቫርኒሽ ይደርባል። ሜትሩና እርሳሱ ከዋናው አናጢ ጆሮና ኪስ አይወጡም። ልጁ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ እጁ ፈጥኖ ይሆናል፤ አንድ ቁም ሳጥን ስንት ኤምዲኤፍ እንደሚፈጅ ቢጠየቅ ግን ወደ አለቃው ያያል። አንድ የወርክሾፕ ባለቤት ሜትሩን ለምን እንደማይሰጠው ብጠይቀው፣ «አንተ ትከፍልልኛለህ?» ብሎ በጥያቄ መለሰልኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ድሮ ለተለማማጅ የሚሆን ቁርጥራጭ ሞልቶ ነበር። በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባው ሠራተኛ ሰፈር የሰፈሩት ባለሙያዎች፣ ወይም እስከ ዛሬ በእንጨት ሥራዋ የምትታወቀው የጅማ ጠራቢዎች፣ ከግንድ የተረፈውን ለልጅ መልመጃ መስጠት አይቸግራቸውም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ትክክለኛ አዋጅ ነበር፤ ዝግባን ለአልጋ ራስጌ ብለን ጨርሰን ለልጅ ልጅ ምን ልናሳይ ነው? ይሁን እንጂ ወርክሾፑ ቀስ በቀስ ከታመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ወደሚሠራው ቺፑድና ወደ ኤምዲኤፍ ዞረ። የቺፑድ ቁርጥራጭ ደግሞ መሮ ሲነካው ይፈረፈራል፤ ምላስና ጉድጓድ አይለመድበትም። በዚያ ላይ ከውጭ የሚገባው ጣውላ በዶላር የሚገዛ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ሜትሩን ይበልጥ አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም።

ሌላም ፍርሃት አለው። ሙያ በልብ ነው ይላል፤ ያስተማረው ልጅ ነገ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛውን ይወስድበታል። ይህ ተራ ምቀኝነት አይመስለኝም፤ ደጋግሞ የደረሰበት ነው። ግን ፍርሃቱን የሚያስወግድ ነገር ከሕጉ ውስጥ አለ፤ የሚጠቀምበት ጠፋ እንጂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሙያ ለማስተማር የሚገባውን ውል ለብቻው ያነሣዋል፤ የሥልጠናው ዓይነትና ቆይታ፣ ተለማማጁ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራው ሁኔታ በውሉ እንዲገለጽ ይላል፤ ሲጨርስም የሠለጠነበትን ሙያና ጊዜ የሚናገር ምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። ቆይታው በወረቀት ላይ ከሰፈረ ልጁ ገና ሜትር መያዝ ሲጀምር ጥሎ አይሄድም፤ ባለቤቱም ልጁን ለአምስት ዓመት ቫርኒሽ ሲያስቀባው አይኖርም። እኔ በማውቃቸው ወርክሾፖች ግን ውሉ አንድ አጎት ወይም ጎረቤት መጥቶ «ልጁን ሰው አድርግልኝ» ማለቱ ነው። አደራ ትልቅ ነገር ነው፤ የጣውላ ሒሳብ ግን አይከፍልም።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንስ? መርሁ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው። በመርሁ ላይ ቅሬታ የለኝም። ማሽን በብድርና በእርዳታ ይገባል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፤ የማሽኑ ጥርስ ዓመቱን ሙሉ የሚነክሰው እንጨት ግን ከግዥ ክፍል በደብዳቤ ተለምኖ የሚወጣ ነው። ኮሌጁ ይህን ስለሚያውቅ ሠልጣኞቹን ለትብብር ሥልጠና ወደ ወርክሾፕ ይልካል። አብሯቸው የሚሄደው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ባለቤቱ በወረቀት ማስተማር ስለማይችል መጥረጊያውን ያቀብላቸዋል፤ ጊዜው ሲያልቅ መዝገባቸው ላይ ይፈርማል። ሁሉም ግዴታውን ተወጣ፤ ልጁ ግን ምንም አላበላሸም።

በጀርመን የቤት ዕቃ አናጢነት ሥልጠና በመደበኛው ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሠልጣኙ ከፊሉን ጊዜ በሙያ ትምህርት ቤት፣ አብዛኛውን በወርክሾፕ ያሳልፋል፤ በመጨረሻም ራሱ የነደፈውንና የሠራውን ዕቃ ፈታኞች ፊት ያቀርባል። እኛ ከዚያ ሥርዓት ቅርጹን ከወሰድን ቆየን። የቀረን ዕቃውን ራሱ እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። የብቃት ምዘናችን ላይ የእንጨት ሥራ ተመዛኝ ከቤቱ አንድ ወንበር ወይም ኮመዲኖ ይዞ ይምጣ፤ ሥዕሉን፣ የእንጨቱን ዝርዝር፣ የዋጋውን ስሌት ጨምሮ። መዛኙም መሳቢያውን ስቦ፣ አግዳሚውን ነቅንቆ፣ «ይህን እንዴት ለካኸው?» ይበለው። ሌላ ሰው የሠራለት መሆኑ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል።

ለዚያ ወንበር መልመጃ የሚሆነውን እንጨት ደግሞ መንግሥት ለወርክሾፑ በዓይነት ይስጥ። ጥሬ ገንዘብ አልልም፤ ጥሬ ገንዘብ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ውድ ነገርም አያስፈልግም፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ተለማማጅ በዓመት የተወሰነ ጣውላ፣ ከኮሌጁ የሥልጠና ቁሳቁስ በጀት ተቀንሶ፣ ውል ለፈረመ ወርክሾፕ ብቻ ይሰጥ። ባለቤቱ ኪሳራውን ስለማይሸከም ሜትሩን ለመልቀቅ አይሳሳም።

ባለቤቱ ጣውላውን ለደንበኛ አልጋ ቢያውለውስ ይባል ይሆናል። አዎ፣ የሚያውል አይጠፋም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሲሄድ ደረሰኝ አይጠይቅ፤ ደረሰኝ ማንም ያዘጋጃል። የተበላሸውን ይጠይቅ፤ የተሰነጠቁትን እግሮች፣ የወፈሩትን ምላሶች፣ አጥረው የወጡትን መደርደሪያዎች። ማንም ደንበኛ በማይገዛው በዚያ ክምር ላይ የተለማማጁ ስምና ቀን በእርሳስ ተጽፎ ይቀመጥ። ዓመቱን ሙሉ አንድ እንኳ የተበላሸ እንጨት ማሳየት ያልቻለ ወርክሾፕ በሚቀጥለው ዓመት ጣውላ አይሰጠው።