ተሳታፊ ማለት ምን የሚሠራ ነው?

ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃንን ውርጭ ይዟታል። ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አምስት ሆነን አንድ ወዳጃችን ቤት ከሰል ከብበን ተቀምጠናል። አሹቅ ቀርቧል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ስለ ዘንድሮው ባቄላ ስንጨዋወት ባለቤቱ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በመጪው መስከረም ለሚካሄድ የሰብል ባለሙያዎች ጉባኤ አስተባባሪ ተደርጓል፤ የተጋባዦቹን ዝርዝር እንድናይለት ነው የፈለገው።

ስድሳ ሰው ተዘርዝሯል። ስምንቱ ጥናት አቅራቢ፣ ሁለቱ መድረክ መሪ፣ አንዷ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ከቀሩት አርባ ዘጠኙ ጎን ሁሉ «ተሳታፊ» ይላል።

ወረቀቱ በጡረታ የተገለሉ አንድ የሰብል ተመራማሪ እጅ ገባ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አጠለቁና በጣታቸው እስከ ታች ወረዱበት።

«ተሳታፊ ማለት ምን የሚሠራ ነው?» አሉ።

«ይሳተፋላ ጋሼ! ያዳምጣል፣ ይጠይቃል።»

«ማዳመጥማ ሬዲዮ ከፍቶ ቤቱም ያዳምጣል። ከመንዝ፣ ከአንኮበር ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ሳያውቅ ይመጣል? እኛ ማኅበር ስንጠጣ ጽዋው ማን እጅ እንዳለ የማያውቅ የለም። ጽዋውን ያነሣው ሰው፣ የሚቀጥለው ወር ዝክር የእሱ ነው። ጠላውም ዳቦውም ከማን ቤት እንደሚመጣ ያን ዕለት ይታወቃል።»

አስተባባሪው አልተዋጠለትም። «ማኅበርተኛው ጎረቤት ነው፣ ያውም አሥራ ሁለት ሰው። እኔ ለስድሳ ባለሙያ ሥራ ላከፋፍል ብል እንደ ተማሪ ቆጠርከን ይሉኛል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ገሚሱ የሚመጣው ለውሎ አበሉ ነው።»

«ለአበል የሚመጣውማ ሥራ ስላልሰጠኸው ነው» አሉ ጋሼ።

እሱም አንድ ሥልጠና ላይ የሰማውን አመጣ። ሃሪሰን ኦወን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ትልቅ ጉባኤ ካዘጋጀ በኋላ፣ ሰዉ ከሁሉ የወደደው የሻይ ሰዓቱን ሆኖ አገኘው። ከዚያ እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ቀድሞ የተወሰነ አጀንዳ የሌለው ስብሰባ ጀመረ። ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ርእሱን ራሱ ያነሣል፣ የማይማርበትና የማይጠቅምበት ክብ ውስጥ ከሆነ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። «ሰው ነፃ ሲሆን ነው የሚናገረው» አለ አስተባባሪው።

ይህን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው እህታችን ሲኒዋን አስቀመጠች። «እሱን እኔም አንብቤዋለሁ። እዚያም እኮ ርእሱን ያነሣው ሰው ሰዎቹን ይሰበስባል፣ የተባለው ተጽፎ እንዲቀመጥ የማድረግ ኃላፊነቱም የእሱ ነው። አንተ የነገርከን ነፃነቱን ብቻ ነው።»

ቀጥላም የራሷን ነገረችን። ባለፈው ጉባኤ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ «አንቺ ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብላ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነች። የመጣችው በራሷ ጥናት ላይ ሰው ልታማክር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቷን ቀና ሳታደርግ ጻፈች፤ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ ተመለሰች።

«ወጣት ቢጽፍ ይማርበታል» አሉ ጋሼ። «እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት።»

«ይማርበታል ላሉት እሺ፣ ጋሼ። ግን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ቆይ፣ የእርስዎ ሐሳብ ይኼ ነው፣ የእርስዎ ደግሞ ይኼ ነው ወይ ብዬ ላስቆማቸው የምችል ነኝ? አንዱ የተናገሩትን ሳነብላቸው እንዲህ አላልኩም፣ አውጪው አሉኝ። አወጣሁት። ብለውት ነበር እኮ!»

ጋሼ ዝም አሉ። ከሰሉን በመቆስቆሻው ነካ ነካ አደረጉትና «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ።

እስካሁን ያልተናገረው ከጣርማበር በኩል የመጣው የግብርና ባለሙያ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ የመጨረሻውን መስመር አሳየን፤ «አርሶ አደር (3)፣ ተሳታፊ» ይላል። ስም እንኳ የላቸውም።

አምና ለጉባኤው ከቀበሌው ሦስት ገበሬዎች ይዞ መጥቶ እንደነበር ነገረን። የዚያን ቀን ርእስ ቆርምድ ነው፤ ደጋውን ካስጨነቀ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው የባቄላ በሽታ። ቅጠሉ ላይ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ኋላ ቡናማ የሚሆን እባጭ ያወጣል፤ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ባቄላው ሳያፈራ ይቀራል። ብርዱና እርጥበቱ በበዛበት መሬት ይበረታል። ከገበሬዎቹ አንዱ ሽማግሌ ከማሳቸው የታመመ ባቄላ ከነሥሩ ነቅለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው መጥተዋል። ከላይኛው ማሳ ጎርፍ በሚወርድበት በኩል ከሌላው ብሶ አይተውታል፣ ያንን ሊናገሩ ነው። የተቀመጡት ከኋላ ነው። እያንዳንዱ አቅራቢ አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶት ሃያ ይወስዳል፤ ስምንት ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ሲያሳልፍ አርባ ደቂቃ ነው፣ የሚቀነሰውም ከውይይቱ ላይ ነው። በዚያ ላይ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» እያለ ማይኩን የማይለቅ አለ። አሥር ሰዓት ሲሆን መድረክ መሪው ወደ ኋላ አየና «አባታችን ይመርቁን» አሉ። ሽማግሌው ተነሥተው መረቁ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጨርቁ ወንበሩ ሥር ቀርቷል፤ ባቄላው ጠውልጎ ቅጠሉ ከግንዱ ላይ ረግፏል።

«ስልክ ደውዬ ዘንድሮም ና ብላቸው ምን ይሉኛል?» አለ የግብርና ባለሙያው።

አስተባባሪው ወረቀቱን ተቀበለና እስክርቢቶ ጠየቀ። «ስማቸውን ንገረኝ» አለው። ሦስቱንም ከነአባታቸው ጻፈ።

ወጥተን ስንለያይ ያልኩትን እዚህም እላለሁ። «ተሳታፊ» የሚለው ቃል ባዶ ነው፣ በዚህ ጋሼ ልክ ናቸው። መሙላቱ ግን ለሰው ትእዛዝ በመስጠት አይደለም፤ ቀድሞ በመጠየቅ ነው። ከጥሪ ደብዳቤው ጋር አንድ ጥያቄ ይላክ፦ ከየትኛው ጥናት ላይ መናገር ይፈልጋሉ፣ ምን አይተዋል? የመለሰው ሰው ስሙ ከዚያ ጥናት ጎን ይጻፍ፣ ጽሑፉም ከሳምንት በፊት ይድረሰው። እንዲህ ከተደረገ ሰው የሻይ ሰዓትን አይጠብቅም። ገበሬው ደግሞ ለምርቃት የሚጠራ እንግዳ መሆኑ ይቅር፤ ጠዋት፣ ባቄላው ሳይጠወልግ፣ ከአቅራቢዎቹ ሁሉ በፊት ይናገር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቃለ ጉባኤው ነው። ጉባኤው ካለቀ በኋላ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። ይህን ኃላፊነት አዳራሹ በር ላይ ለተገኘች ወጣት መጣል በደል ነው፣ በእሷም በሥራውም ላይ። የሚይዘው ሰው ተናጋሪን ለማስቆም የሚደፍር፣ ርእሱን የሚያውቅ፣ «አውጪው» ሲባል «ብለውታል» ብሎ የሚመልስ መሆን አለበት። ሁለት ሆነው በግማሽ በግማሽ ቀን ይፈራረቁበት፤ እሷም በተራዋ ትጠይቅ። የተጻፈውም ሰዉ ሳይበተን እዚያው ይነበብ።

አስተባባሪው ደብዳቤውን እስከ ጥር እልካለሁ ብሏል። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ቃለ ጉባኤውን እኔ እይዛለሁ ብዬዋለሁ፤ የከሰዓቱን ጋሼ ወስደዋል።