ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የአስተያየት መስጫ ቅጽ

ጉዳዩ፦ «አንዱን ብቻ ይምረጡ» ስለተባልኩበት ማክሰኞ

ክቡር ቅጽ ሆይ፣

ከእርስዎ ጋር የተዋወቅነው ዛሬ አይደለም። ቆጣሪ ሳስገባ በሦስት ኮፒ ተገናኝተናል። የጡረታዬን ጉዳይ ስጨርስም የአያቴ ስም ከተሰጠው ቦታ ተርፎ ወደ «ዜግነት» መስመር ሲሻገር ዝም ብለው አይተውኛል። ያን ሁሉ ትቼልዎት ነበር። ያለፈውን ማክሰኞ ግን ለመርሳት ስሞክር ጀበናዬ ሁለት ጊዜ ገንፍሏል።

እንደሚያስታውሱት፣ እዚሁ ጅማ ስለ ከተማ መሬት አጠቃቀም እንድንወያይ ወደ አንድ አዳራሽ ተጠርተን ነበር። የዕለቱ መልመጃ «በከተማ ውስጥ ያለ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ቢያቆም ቦታው ምን ይሁን?» የሚል ነው። በአባ ጅፋር ስም የሚጠራው የእኛው ማረፊያ አገልግሎት ላይ ስለሆነ ጥያቄው ማንንም አላስደነገጠም። አቅራቢው እ.ኤ.አ. በ2008 በረራ ያቆመውን የበርሊኑን ቴምፕልሆፍ በስላይድ አሳየን፤ በ1948 እና በ1949 የምድር መንገዷ ለተዘጋባት ምዕራብ በርሊን ቀለብ የጫኑ አውሮፕላኖች ያርፉበት የነበረው ማኮብኮቢያ ከ2010 ጀምሮ ለሕዝብ ተከፍቶ ብስክሌት ይነዳበታል። የሆንግ ኮንጉ ካይ ታክም ተነሣ፤ በ1998 ከተዘጋ በኋላ፣ ባሕር ውስጥ የተዘረጋው የማኮብኮቢያው ጫፍ በ2013 የመርከብ መንገደኞች መቀበያ ሆኗል። እኔም እንደ ተማሪ ሁሉንም ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ።

ከሻይ በኋላ እርስዎ ታደሉ። «ቦታው ለምን ይዋል? ንግድ፣ ቅርስ፣ መዝናኛ። አንዱን ብቻ ይምረጡ።» ልቤ እሺ ስላላለኝ ሦስቱም ላይ ራይት አደረግሁ። «ሌላ ካለ ይግለጹ» የሚለው ግማሽ መስመር በሁለት ቃል ሲያልቅብኝ ገልብጬዎት ጀርባዎ ላይ ቀጠልኩ፦ አሮጌው የመንገደኞች አዳራሽ ቅርስነቱን ሳያጣ ሱቅና ቡና ቤት ሊያስተናግድ እንደሚችል፣ ያ ረጅምና ሜዳማ ማኮብኮቢያ ለእግረኛ የተሰጠ ጸጋ እንደሆነ፣ ነዳጅ ሲፈስበት የኖረ አፈር ግን ሳይመረመርና ሳይጸዳ ሕፃን ሊጫወትበት እንደማይገባ ጻፍኩ። ለእጅ ጽሕፈቴ እንኳ ተጠንቅቄ ነበር።

አስተባባሪዋ ቅጾቹን ስትለይ የእኔን ከፍ አድርጋ ያዘችና በማይክሮፎን «ይሄ ተበላሽቷል፤ አባቴ፣ አንድ ብቻ ነው የሚመረጠው» አለች። አዳራሹ ሳቀ። «ልጄ፣ ጀርባውን አንብቢው» አልኳት። «ኮምፒውተሩ ጀርባ አይቀበልም» አለችኝ። ማረፊያው ሳይዘጋ የእኔ አፍ ተዘጋ።

ለመሆኑ ክቡርነትዎ የሂርማታን ገበያ ያውቁታል? በአባ ጅፋር ዘመን የሲራራ ነጋዴ ያራግፍበት የነበረ ገበያ ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው ሊሸምት ነው፤ ወሬ ሊሰማና ዘመድ ሊያገኝም ነው፤ አባቱ በቆመበት ሊቆምም ነው። በየትኛው ሣጥን ይክተቱልን?

አንተ ወረቀት፣ እንግዲህ ስማኝ። መልሱን አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ጥያቄውን ኋላ አሳትመው አንተን ይልኩብናል፤ እኛ ራይት እናደርጋለን፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «ሕዝቡ በሰፊው ተወያይቶበታል» ተብሎ ይሰፍራል፤ ከዚያም የተወያየንበት ሜዳ አንድ ጠዋት በቆርቆሮ ታጥሮ ይጠብቀናል። መልመጃ ነው ትለኝ ይሆናል። ታዲያ እያለማመድከን ያለኸው ምንድን ነው? በርሊን በ2014 በቴምፕልሆፍ ዳር ዳር ቤት ይሠራ ወይስ ሜዳው እንዳለ ይቆይ ብላ ሕዝቧን ድምፅ ስታሰጥ፣ አብዛኛው ይቆይ አለ፤ ሜዳውም ተረፈ። እዚያም ወረቀት ነበረ፣ እዚያም ሣጥን ነበረ፤ ግንበኛው ሳይገባ ግን ሰው ተጠየቀ።

ይቅርታ፣ አንቱታውን ዘነጋሁት።

አንድ ነገር ሳላመሰግን አላልፍም። ስብሰባው ሲያበቃ የውሎ አበል መፈረሚያ ዘመድዎ መጥተው ነበር። እርሳቸው ዘንድ ቦታው ሰፊ ነው፤ ስሜ ከነአያቴ ተንፈላስሶ ገባ፣ ጀርባም መገልበጥ አላስፈለገኝም። አበሉን ተቀብያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ተበላሽቷል የተባለው

ግልባጭ፦
ላልተመረጡት ሁለት ሣጥኖች
ለጀርባዎ